አምስት ቤት ያላት ተከራይ

ተከራዬ ከኔ በላይ ቤት እንዳላት የሰማሁት ዓሣ እየበላሁ ነው። አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ አለመሰንቀሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዓርብ ነበር። በጾም ወራት ዓርብ ዓርብ የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ዓሣ ይጠበስና ሰፈሩ በሙሉ ረጃጅሙን ጠረጴዛ ከቦ ይበላል። ከፊቴ የተቀመጠችው ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቃት በርኒስ ነበረች። በርኒስ ወሬ ስትይዝ ሹካዋን ታስቀምጣለች። ያን ቀን አስቀመጠች።

«እኔ የምልሽ ሎሬታ፣ ያቺ ላይኛው ፎቅ ያስቀመጥሻት ልጅ፣ ኖራ፣ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ምነው?»

«የእህቴ ልጅ አከራይ ናት።»

«ማን?»

«ኖራ ናታ። የእህቴ ልጅ ወንዝ ማዶ ቤት ተከራይቶ የለ? የሷ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ሌላም አላት። በጠቅላላው አምስት ነው አለኝ።»

«አምስት ምን?»

«አምስት ቤት ነዋ። አንቺ ስንት አለሽ?»

ስንት እንዳለኝ በርኒስ አሳምራ ታውቃለች። አንድ ነው ያለኝ። ታችኛውን እኔና ባሌ ሬጂስ እንኖርበታለን፣ ላይኛውን ለኖራና ለባሏ ለለስተር አከራይተናል። ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው የጡብ ቤት ነው። አፌ ውስጥ የነበረው ዓሣ እንጨት እንጨት አለኝ።

«ደስ ይላል» አልኩ። ደስ አላለኝም።

እዚህ ላይ እኔ ማን እንደሆንኩ ይታወቅልኝ። እዚህ ፒትስበርግ፣ በኛ ዳገት ላይ፣ በቁጠባ የሚያህለኝ ሰው አልነበረም። የሻይ ከረጢት ሁለቴ እነክራለሁ። የምግብ ላስቲክ አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣለሁ። የሬጂስን ጸጉር የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ አንድ ጎኑ ቢዛነፍ ኮፍያ ምን ይሠራል? በክረምት ማሞቂያዬን ከፍ ለማድረግ የሚደፍር የለም፤ የበረደው ሹራብ ይደርባል። ሰዎች «ቋጣሪዋ ሎሬታ» ሲሉኝ እንደ ማዕረግ ነበር የምቀበለው።

ኖራ ስትመጣ ወደድኳት። እኔን በወጣትነቴ ያየሁ መሰለኝ። የመኪናዋ አንዱ በር ከሌላው ጋር ቀለሙ አይገጥምም። መጋረጃዎቿን ከአሮጌ አንሶላ ሰፍታ ሰቀለች። ለስተር ምሳውን በየቀኑ ከቤት ይዞ ይወጣል። እኔ ቆሻሻ ወደሚጫንበት ቦታ ያወጣሁትን ዕቃ ኖራ መልሳ ወደ ቤት ታስገባለች። አንድ ጊዜ እግሩ የተሰበረ ቢጫ የወጥ ቤት ወንበር አውጥቼ ጣልኩ። በሳምንቱ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ለማየት ላይ ስወጣ «ይቀመጡ፣ ሚስስ ሁዳክ» ብላ በራሴ ወንበር አስቀመጠችኝ። እግሩን በሙጫና በብሎን ሠርታው አይነቃነቅም። ያኔ ሳቅሁ። ለሬጂስም በኩራት ነገርኩት፤ እንዲህ ያለች ተከራይ ማን አላት ብዬ።

ኪራይ ጨምሬባት አላውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ። ቸር ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው። ጥሩ ተከራይ ከወጣ ባዶ ቤት ታቅፌ እቀራለሁ ብዬ ነው። ታዲያ እኔ ስፈራ እሷ ከኔ የተረፋትን ይዛ ቤት ትገዛ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው።

ከዓሣው ስመለስ ሬጂስ ሶፋ ላይ ነበር።

«ቤቶቿን የገዛናላት እኛ ነን» አልኩት።

«የማንን ቤቶች?»

ነገርኩት። ሳቀ። ሬጂስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁሉ ነገር ያስቀዋል።

«ኪራይ የምትከፍለው እሷ፣ ቤት የገዛንላት እኛ? እንዴት ነው ሒሳቡ?»

«ትንሽ ነዋ የምትከፍለው።»

«ትንሽ ያደረግሽው አንቺ ነሻ።» ቀጥሎም «ለመሆኑ የኛ ገንዘብ የት ነው?» አለኝ።

«ባንክ ነዋ።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ይቀመጣል።»

«በቃ። የሷ ተነስቶ ሄደ፣ የኛ ተቀመጠ።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ሰሞን ግን አንጀቴ አርሮ ነበር። ከላይ ኮቴዋን በሰማሁ ቁጥር፣ አምስት ቤት ያላት ሴት በጣሪያዬ ላይ እየተራመደችብኝ ነው እላለሁ። የባቄላ ሾርባ ሽታ በደረጃው ሲወርድ እንኳ ይቆጨኛል። አምስት ቤት ይዞ ባቄላ! እኔ ባቄላ የምበላው አንድ ቤት ይዤ ነው። ያቺን የዛገች መኪናዋን ሳያት ድሮ «ጎበዝ» እል የነበርኩት ሴትዮ፣ አሁን «አስመሳይ» ማለት ጀመርኩ። መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ ጥርሴን ነክሼ ሰላም እላታለሁ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል አለኝ ሬጂስ፤ ጉልበቴን እያሸሁ ስለነበር ነው የቀለደብኝ።

ጉልበቴን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የምሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ለልጆች ምሳ አድላለሁ፤ ማታ ጫማዬ አልወልቅ ይለኛል። ከዚያ የሚያወጣኝ አንድ ነገር ብቻ እንዳለ ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ጎረቤታችን የሚስስ ጋይዶሽ ቤት። እንደኛው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ታች አንድ ተከራይ፣ ላይ አንድ ተከራይ አስገብቼ በሁለቱ ኪራይ ሽርጤን ለትምህርት ቤቱ እመልሳለሁ። ገንዘቡ ዓመት በዓመት ሲጠራቀም ኖሯል። ሚስስ ጋይዶሽ እስክትሸጥ ነበር የምጠብቀው። ሬጂስ «ላም አለኝ በሰማይ» ይለኛል፣ እኔ ግን ያቺን ላም በየጠዋቱ በመስኮት አያታለሁ።

እና በዚያው ሰሞን ሚስስ ጋይዶሽ ከበረንዳዋ ጠራችኝ። ሰማንያን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት።

«ሎሬታ፣ ፀደይ ሲገባ ኦሃዮ ልጄ ጋ መሄዴ ነው። ደረጃው አቃተኝ። ቤቱን ልሸጠው ነው።»

«ለደላላ ሰጡት?» አልኳት።

«ደላላ ምን ያደርግልኛል? የማላውቀው ሰው አምጥቶ ሊያስገባበት? ለሰፈር ሰው ነው የምሸጠው።» ዋጋውን ነገረችኝ።

ጥሩ ዋጋ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እጇን ይስም ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ አንድም ነገር በተባልኩት ዋጋ ገዝቼ አላውቅም። ዓይኔን ወደ ላይ አነሳሁና «ጣሪያው ግን...» አልኩ።

«ጣሪያው አምና ነው የተሠራው። ሲሠራ ቆመሽ ስታዪ ነበር።»

«እንግዲህ እስቲ ላስብበት።»

«አስቢበት። ቅዳሜ ልጄ ማሪያን ትመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ነይና እንጨርሳለን። እኔስ አንቺ ብትወስጂው ደስ ይለኛል።»

ይህን ነው ያለችኝ። አንቺ ብትወስጂው ደስ ይለኛል። እነዚያን ቃላት ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደመለስኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

«እሺ አልሻት?» አለኝ ሬጂስ።

«ቅዳሜ።»

«ለምን ቅዳሜ?»

«ትንሽ ትቀንስ ይሆናል።»

ሬጂስ ዓይኑን ጨፈነና ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አደረገ።

ሐሙስ በረዶ መጣል ጀመረ፤ ዓርብ ሙሉ ቀን ጣለ። እኛ ዳገት ላይ የመኪና ማደሪያ ያለው ሰው የለም፤ መኪና ሁሉ የሚቆመው መንገድ ዳር ነው። በረዶ የጣለ ጊዜ የመኪና ቦታ በአካፋ የጠረገ ሰው ወንበር ያስቀምጥበታል። ወንበሩ እስካለ ቦታው የሱ ነው። ይህን ፖሊስ አይጠብቀውም፣ እፍረት ነው የሚጠብቀው። ከዓመታት በፊት ከኛ በታች አንድ ሰውዬ የሰው ወንበር አንስቶ መኪናውን አቆመ። ስሙን ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ «ወንበር ያነሳው» ነው የምንለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሲጠራበት ስንሰማ ስንት ቀን ስቀናል።

ቅዳሜ ጠዋት ሬጂስ በታመመ ወገቡ መኪናችንን ከበረዶ አወጣልኝ። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። ኖራ ከሚስስ ጋይዶሽ ቤት ስትወጣ አየኋት። ሁለቱም ይስቃሉ። ሚስስ ጋይዶሽ፣ ሰው የማትነካው ሴት፣ የኖራን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ወሰደችው» አልኩ።

«ምኑን?» አለ ሬጂስ፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ።

«ቤቴን። ስድስተኛ ልታደርገው ነው። አላየህም? እየተጨባበጡ ነው።»

«ጨው ልትበደር ገብታ ይሆናል።»

«አምስት ቤት ያላት ሴት ጨው ትበደራለች?»

«አንቺ ባንክ ሙሉ ገንዘብ ይዘሽ ትበደሪ የለም እንዴ?»

በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። ለሚስስ ጋይዶሽ የምወስደው ኬክ ለመግዛት ነበር የወጣሁት። ዳቦ ቤቱ ያደረውን ኬክ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ የማውቃት ሻጭ ስላለች ከኋላ ታወጣልኛለች። በዚያ ሁሉ ንዴት ግን አንድ ነገር ረሳሁ። ሬጂስ ወገቡን እያመመው የጠረገውን ቦታ ወንበር ሳላስቀምጥበት ሄድኩ።

ስመለስ ቦታዬ ላይ የማላውቀው ሰማያዊ መኪና ቆሟል። ማንን እወቅሳለሁ? ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ሌላው ሁሉ የበረዶ ክምር ነው። ክፍት የነበረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከሚስስ ጋይዶሽ ደጅ ፊት ለፊት። ንጹሕ ሆኖ ተጠርጓል፣ ጠርዙ እንኳ ተስተካክሏል። መሐሉ ላይ ቢጫ ወንበር አለ። የኔ ወንበር።

ጥዬው ያነሳችው። ሠርታ ያስቀመጠችኝ። ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ፣ በኔ ርካሽ ኪራይ ከብራ፣ ቤቴን ልትወስድብኝ ነው፤ ደግሞ በራሴ ወንበር መንገድ ትዘጋብኛለች። እንዲህ ነው ያልኩት። ድምፅ አውጥቼም ሳልል አልቀረሁም። ወረድኩና አነሳሁት። እላይ ወደ በረዶው ክምር ወረወርኩት፤ ሲያርፍ አንድ እግሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ። መኪናዬን አስገብቼ አቆምኩ። ደስ አለኝ። ከዚያ የዓሣ ዓርብ ጀምሮ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ቀና ስል የሚስስ ጋይዶሽ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁ። ድመቷ ናት አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ልብሴን ቀይሬ፣ ኬኩን ከዳቦ ቤቱ ካርቶን አውጥቼ በራሴ ሳህን አድርጌ ሄድኩ። ባለችኝ ዋጋ እሺ ለማለት ወስኜ ነበር። ኖራ የቱንም ያህል ሰጥታ ቢሆን እጨምራለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ማሪያን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ባዶ እግሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ አንድ የእጇን አንጓ በበረዶ ከረጢት ይዛ። ጫማዋ ማሞቂያው ላይ ይንጠባጠባል።

«ውይ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ወደቅሁ» አለች። «ታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው መኪናዬን ያቆምኩት። ከዚያ በእግሬ ወጣሁ።»

«ቁጭ በይ፣ ሎሬታ» አለች ሚስስ ጋይዶሽ። ኬኩን አልተቀበለችኝም። «እደጄ የቆመው መኪና ያንቺ ነው?»

«አዎ። ቦታ አጥቼ...»

«ወንበር ነበረበት።»

«የኖራ ወንበር ነው። እንዲያውም የኔ ነበር፣ ጥዬው ነው ያነሳችው።»

«ወንበሩ የፈለገው ሰው ይሁን። ቦታው የማን ነበር?»

ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የማሪያን ነበር። ልጄ ስትመጣ የምታቆምበት የለም፣ እኔ አካፋ መያዝ አልችልም ብዬ ለኖራ ነገርኳት። በጠዋት ተነስታ ጠረገችልኝ። ወንበር አውሺልኝ ስላት የራሷን አመጣች። ልክፈልሽ ብዬ እጇን ብይዛት ሳቀችብኝ። አንቺ መጣሽና አንስተሽ ወረወርሽው። እዚህ ቆሜ ነው ያየሁሽ።»

ያን ጊዜ አርፌ ይቅርታ ብል ምናለ? አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«ሚስስ ጋይዶሽ፣ ቤቱን ባሉት ዋጋ እወስደዋለሁ። ሳንቲም አልቀንስም። ጣሪያውም ደህና ነው።»

«ጣሪያው ደህና መሆኑን ዛሬ አወቅሽ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባሌ በሞተ ክረምት የዚህ መንገድ ሰው በተራ ነበር ቦታዬን የሚጠርግልኝ። ያንቺ ሬጂስም ነበረበት። ከቀብሩ ስመለስ ወንበሬን ከቆመበት ንቅንቅ ያደረገው ሰው አልነበረም። ለሰፈር ሰው ነው የምሸጠው ብዬሽ ነበር፣ ሎሬታ። ላንቺ አልሸጥም።»

«ለኖራ ሊሸጡት ነዋ» አልኩ። ከሆዴ ነው የወጣው።

ሚስስ ጋይዶሽ ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ኖራ? ኖራ ምን አገባት? ቤቱ እንደሚሸጥም አታውቅ።» ወደ ልጇ ዞረች። «አልነገርኳትም» አለች ደግማ፣ ግን አሁን ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እያሰበች።

«ያቺ ልጅ ቤት ትገዛለች እንዴ?» አለች ማሪያን።

«አምስት አላት» አልኩ።

ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አፌን ፈልቅቆ አላስወጣኝም። ቅናቴ ገና ከልቤ አልበረደም ነበርና የሚያንገበግበኝን ነገር ሌላውም ሰምቶ እንዲንገበገብ ፈልጌ ነው። እነሱ ግን ምን ያንገበግባቸዋል? እናትና ልጅ ተያዩ። የዚያ ቤት ነገር ያኔ አለቀ፤ ኖራ ፎቅ ላይ ባቄላዋን እየቀቀለች፣ ምንም ሳታውቅ።

«ኬኩን ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ ሚስስ ጋይዶሽ።

ይዤው ሄድኩ። ሬጂስ አንድ ቁራሽ ቀመሰና «ያደረ ነው» አለ። ስለ ቤቱ ስነግረው ግን አልቀለደም። ተነስቶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ እሱም ሽርጤን የምመልስበትን ቀን ይጠብቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ በርኒስ ሹካዋን ባታስቀምጥም ወሬው ቀድሞኝ ዓሣው ጋ ደርሶ ነበር። አንዲት ሴት ለሌላዋ «የትኛዋ ሎሬታ?» ስትላት «ወንበር ያነሳችው» ብላ ስትመልስላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ሚስስ ጋይዶሽ በፀደይ ሄደች። ለሁሉም ሰላም አለች፣ ለኔም ጭምር። ቤቱ የኖራ ሆነ። እኔም ቢያንስ ከጣሪያዬ ላይ ትወርድልኛለች ብዬ ነበር የምጽናናው። ባዶ ቤት የሚያስፈራኝ እኔ፣ ባዶውን ናፈቅሁ።

አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ኖራ ናት፣ ቢጫውን ወንበር ተሸክማ። እግሩ እንደገና ተሠርቷል።

«ወንበርዎን ላምጣልዎ ብዬ ነው፣ ሚስስ ሁዳክ። የርስዎ ነው።»

ማን እንደሰበረው አላነሳችም። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው የምትለቁት?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ። ጎረቤት የራሳችሁ ቤት አለ።»

«አይ፣ እሱንማ ሁለቱንም ፎቅ አከራየነው» አለች። «እኛ እዚሁ ነን። በዚህ ኪራይ ዳገቱ ላይ የትም አይገኝም።» ትንሽ አመነታችና «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ኪራይ ጨምረው አያውቁም። እኔ ብሆን እጨምር ነበር» አለች።

ሬጂስ ከሶፋው ላይ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ።

አልጨመርኩም። ሬጂስ «ጨምሪ እንጂ፣ ራሷ ጨምሪ ብላሻለች» ቢለኝም አልሰማሁትም። እሷ ስላለችኝ ብዬ ልጨምር? ሞቼ ነው። እንዲህ ሆኖ እስካሁን ሽርጤን እንደታጠቅሁ አለሁ፣ እሷም በድሮው ኪራይ አለች። ምሽት ከሥራ ስመለስ በጎረቤት መስኮት የሷ ተከራዮች መብራት ይታየኛል፤ ታች አንድ፣ ላይ አንድ። እኔ እንዳሰብኩት ነው ያስቀመጠቻቸው።

ዘንድሮ ክረምት የመጀመሪያው ከባድ በረዶ የጣለው ቅዳሜ ነው። ቦታችንን ራሴ ጠረግሁ። ሬጂስ መኪናውን ይዞ ለወገቡ ሐኪም ጋ ሲሄድ ቢጫውን ወንበር አውጥቼ መሐሉ ላይ አቆምኩትና መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። ነፋስ ነበር። ወንበሩ አንድ ሁለቴ ተወዛወዘና ወደቀ። ልወጣ ጫማዬን ሳነሳ የኖራ መኪና ዳገቱን ስትወጣ አየኋትና ጫማዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

ቦታ የለም። ሁሉም ተይዟል። ክፍቱ የኔ ብቻ ነው፣ ወንበሩም ተጋድሟል፤ አላየሁትም ማለት ትችላለች። እንድታነሳው ፈለግሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንድታነሳው ፈለግሁ። አንዴ ብቻ እንደኔ ብትሆን በርኒስ ጋ ሳልደውል አላድርም ነበር። መኪናዋን አቆመች። ወረደች። ወንበሩን በሁለት እጇ አነሳችው። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

በረዶውን ከላዩ አራገፈች። መሐል ላይ አቆመችው፣ እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ በጫማዋ በረዶ ረጋግጣ ደገፈቻቸው። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነዳች። ቆይታ በእግሯ ስትመጣ አየኋት፤ በሁለት እጇ የገበያ ከረጢት ይዛ፣ እየተንሸራተተች፣ ዳገቱን።

በስድስቱ ቤቶቿ ቀንቼባት አውቃለሁ። በዚያን ቀን እንደቀናሁባት ግን ቀንቼባት አላውቅም።